ዙሩ ሲከር

በወጣትነቴ አሥር ሺህ ሜትር እሮጥ ነበር። 25 ዙር። ጉልበቴ አላስሮጥ ሲለኝ ወደ ሂሳብ ሥራ ገባሁ።

ሰኔን የሂሳብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ በ30 ይዘጋል፤ ያልተወራረደው ይወራረዳል፣ የንብረት ቆጠራው ይመጣል፣ ስልኩም አያርፍም። አምና አንድ ምሽት አልገጥም ያለኝ ቁጥር ፊት ተቀምጬ ትንፋሼ አጠረ። ያኔ የድሮ አሠልጣኛችን ድምፅ መጣብኝ፦ «ትከሻህን ጣል! እጅህን አትጨብጥ!»

ዙሩ ሲከር ቀድሞ የሚደርቀው ትከሻ ነው። የተጨበጠ እጅ ለእግር የሚያስፈልገውን አቅም ይበላል። የእኔም ትከሻ ጆሮዬ ሥር ደርሶ ነበር፤ እስክሪብቶውን አንቄ ይዣለሁ። አስቀመጥኩት፣ እጄን ፈታሁ፣ በረጅሙ ተነፈስኩ። ስህተቱን ወዲያው አላገኘሁትም፤ ቁጥሮቹን ግን እንደገና ማየት ቻልኩ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ያንን ውድድር ስንቴ እንዳየሁት! በወጣትነቴ የማየው የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ ነበር። አሁን የምወደው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፤ ቴርጋት ተፈትልኮ ሲሄድ ኃይሌ ክፍተቱን በአንዴ ልዝለለው አላለም፣ በእርምጃ በእርምጃ በላው። እኔም ሰኔን በሙሉ በአንድ ምሽት መሸከም ትቻለሁ። የያዝኩትን ገጽ እጨርሳለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ቀጥሎ ነው።

ዛሬ አዲሷ ባልደረባችን ኮምፒውተሯ ላይ ደርቃ አገኘኋት። ሻይ አመጣሁላትና «እህቴ፣ መጀመሪያ ትከሻሽን ጣይው» አልኳት።