የሚገኘው ለማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የምናከብረው ባለ ጸጋ በዓይናችን ሳናየው ከዚህ ዓለም ሲለይብን፣ እርሱን ያየ ሰው ማግኘት እንደ ታላቅ ዕድል ይቆጠርልናል። ወዲያውም «እንዴት ያሉ ነበሩ? ምን ያደርጉ ነበር?» እያልን በጥያቄ እናጣድፈዋለን። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ የአባቶቻችን ዜና ሕይወት የደረሰን ያዩትን ጠይቀው በጻፉ ደጋግ ሰዎች ነውና። ነገር ግን የጠየቅነው ሰው መልሶ ሲጠይቀን ነገሩ ይለወጣል፤ የሌላውን ታሪክ ልንሰማ ሄደን ስለ ራሳችን መልስ እንድንሰጥ እንገደዳለን።

እኔ በገና ደርዳሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አርአያ አድርጌ የማያቸው ግን ፒያኖ ይጫወቱ የነበሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ቤት ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በዚያ ሙዚቃ ተማሩ። ጣልያን ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በአሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በእንግሊዝ ሀገር ሙዚቃ የመማር በር ተከፍቶላቸው ሳለ ፈቃድ በመከልከላቸው እጅግ አዘኑ፤ በኋላም ዓለሙን ትተው በግሸን ማርያም መነኰሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ተራራ በባዶ እግራቸው ኖሩ።

ከዚያ በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ለምነው እየበሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩ የዜማ ተማሪዎችን አዩ። በእጃቸው ያለው ሀብት ሙዚቃ ብቻ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን ሀገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ እንዲሆን ታሰበ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያ ገዳም ኖሩ። ዓለም በስፋት ያወቃቸው በ2006 ሥራቸው በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም 21ኛ ቅጽ ሆኖ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እማሆይ ካረፉ በኋላ በአንድ ሰሙነ ሕማማት ኢየሩሳሌምን ልሳለም ሄጄ ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ክብ ቤተ ክርስቲያን ዞሬ ስወጣ፣ አንዲት አረጋዊት መነኩሲት ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ባቄላና ስንዴ ሲለቅሙ አገኘሁ። የሕማማት ሳምንት ስለሆነ ሰላምታ የለም፤ እጅ ነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁና አብሬ መልቀም ጀመርሁ። በወሬ መካከል ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ጋር በአንድ ግቢ ብዙ ዓመት እንደ ኖሩ ሲነግሩኝ እጄ ስንዴው ላይ ቀረ።

«እማሆይ፣ ሲጫወቱ ሰምተዋቸዋል?» አልኋቸው።

«በግድግዳ በኩል ይሰማ ነበር፤ እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ እሳቸውም በእሱ ይጸልያሉ እያልሁ ዝም ብዬ እሰማ ነበር» አሉኝ። ከዚህ ሌላ የነገሩኝ የለም። ከዚያም ቀና ብለው «አንተስ፣ ልጄ፣ ምን ታገለግላለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በገና እንደምደረድር ነገርኋቸው። በልቤ የተሸከምሁትንም አወጣሁት። በዚያው ሰሞን አንድ አሳታሚ የበገና መዝሙሮቼን በአልበም ላውጣልህ ብሎኝ ነበር። የሚሰጠኝ ቅድሚያ ክፍያ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ይሸፍናል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ በአንድ ሆቴል ለራት እንግዶች እንድደረድር በውሉ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ መልስ ልሰጠው ቀጠሮ ነበረን። «እሺ» ብል በዳዊት መሣሪያ የነገድሁ መሰለኝ፤ «እንቢ» ብል ሁለት ልጆቼ ታዩኝ።

መነኩሲቷ ጠጠር ለቅመው ጣሉና «የሚገኘው ለማን ነው?» አሉኝ።

«የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እማሆይ።»

«ኪራይማ ይከፈላል፤ ልጆችም ይበላሉ፤ ይህን ማን ይነቅፋል? ከዚያ የሚተርፈው ለማን ነው? ይህን ሳታውቅ አትፈርም» ብለው ወደ ስንዴያቸው ተመለሱ።

ውድ አንባቢያን፤ ይህ ቃል የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ሕይወት እንደገና እንዳነብ አደረገኝ። እስቲ የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ስማችን እንዲታወቅ እንደክማለን፤ ከታወቅን በኋላ የምንረዳው ድሃ እንፈልጋለን። በእርሳቸው ዘንድ ግን አስቀድሞ የታዩት በደጀ ሰላም የሚያድሩት ተማሪዎች ናቸው፤ ሸክላው የመጣው ከተማሪዎቹ ረኀብ በኋላ ነው። ስለዚህ ዝናው አርባ ዓመት ያህል ቢዘገይም የተነሡለት ነገር አልከሰረም፤ ሥራው ሲጀመር ባለቤት ነበረውና።

ጌታችን በወንጌል ያስተማረው የመክሊት ምሳሌም ይህን ያስተውለናል። አገልጋዮቹ የተጠየቁት ስንት ሰው እንዳደነቃቸው አልነበረም፤ የባለቤቱን ገንዘብ ምን እንዳደረጉበት ነበር። መክሊትን መቅበር በደል እንደ ሆነ ሁሉ፣ የጌታን መክሊት አውጥቶ በራስ ስም ብቻ መነገድም ተጠያቂነት አለው። ደግሞም ቤተሰብን ማኖር ከአገልግሎት ውጭ አይደለም፤ መነኩሲቷ ኪራዩን ያልነቀፉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ለአሳታሚው መልሴን ሰጠሁ፤ የሆቴሉን ነገር እንደማልፈጽም ነገርሁት። እርሱም ቅድሚያ ክፍያውን በግማሽ ቀነሰው። በዚያ ዓመት ቤታችን ጠበብ ወዳለ ክፍል ተዛወረ፤ ባለቤቴም ያለ ማጉረምረም ዕቃ አሰረች። አልበሙ ወጣ፤ ገበያው ብዙ አልነበረም። ዐሥራቱን አውጥተን፣ ዕዳችንን ከፍለን በተረፈው ለአንድ የአብነት ጉባኤ ቤት ተማሪዎች 11 ብርድ ልብስ ገዛን። ዐሥራ ሁለተኛው ተማሪ ከጓደኛው ጋር ይደርባል።

እናንተም በመዘምራን ክፍል ከበሮ የምትመቱ፣ ሥዕለ አድኅኖ የምትሥሉ፣ ግጥም የምትጽፉ፣ በድምፅ መሣሪያ ክፍል ተደብቃችሁ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ አንድ ሰው «ሥራህን ላውጣልህ፣ ስምሽን ላስጠራልሽ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። መምጣቱ ክፉ አይደለም፤ ጸጋ ሊገለጥ የተሰጠ ነውና። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ግን ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ የአንድ ሰው ስም ጻፉበት፤ ከእናንተ ስም ሌላ፣ ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር የምታውቁትን ሰው ስም። የሚጻፍ ስም ካጣችሁ ቀጠሮውን አራዝሙ።

የእማሆይን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም ለማን እንደምናገለግል የምናውቅ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።