የአጎቴ ቮልስ ማርሚታ

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ መርጃ መሣሪያና ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ማርሚታ ነው። «ማርሚታና መምህርነትን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ለማስተማር ልምምድ እስክወጣ ድረስ የሚገናኙ አይመስለኝም ነበር።

አጎቴ እዚሁ አምቦ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት፣ መካኒክ ናቸው። አንዲት አሮጌ ቮልስ አለቻቸው። መቼም ቮልስን የማያውቅ የለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ዓይነት መኪና ነበር። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ሜክሲኮ ውስጥ ሠርቶ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። አራቱ ፒስተኖቿ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ጋደም ብለዋል። ድምፅዋ ከሌላ መኪና ድምፅ ጋር አይምታታም። በኦሮምኛ «አኮ» የምንላቸው አያቴ ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ግን ቮልሷ ገና ከሩቅ ስትንደቀደቅ «ልጄ መጣ፤ ቡና አቅርቡ!» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

ባለፈው ክረምት የዚች መኪና ማርሚታ ተበሳ። አጎቴ ከቤት ጋራዥ፣ ከጋራዥ ቤት እንጂ ሩቅ አይነዷትም። አጭር መንገድ ደግሞ የማርሚታ ጠላት ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውኃም ይፈጠራል፤ ቱቦው በደንብ ሳይግል ሞተሩ ከጠፋ ውኃው እዚያው ተኝቶ ላሜራውን በዝገት ያስበላዋል። ስለዚህ አዲስ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን።

እዚያ ሁለት ዓይነት አገኘን። አንደኛው እንደ ፋብሪካው ያለ፣ ሆዱ በላሜራ የተከፋፈለ ነው። የሞተሩ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ፣ አንዱ ሞገድ ሌላውን እየሻረው ይዳከማል። ሁለተኛው ግላስፓክ የሚሉት ነው። ይኸኛው መሐሉን በስቶ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ቱቦ አለው። ቱቦው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሲሆን፣ ዙሪያውን እንደ ጥጥ በተነደፈ የመስታወት ክር ተጠቅልሎ ቆርቆሮ ለብሷል። ጭሱ የሚያግደው ሳይኖር ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ድምፁ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ክሩ ውስጥ ሲርመሰመስ ወደ ጥቂት ሙቀት ይለወጣል። ነገር ግን ክሩ በደንብ የሚይዘው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙን አብዛኛውን ይለቀዋል። አራት ፒስተን ያለው እንዲህ ያለ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 100 ጊዜ ጭስ ይተፋል። ይኸ ነው እንግዲህ ደረት ውስጥ የሚገባው ጉርምርምታ። ማርሚታው ባጠረ ቁጥር ጉርምርምታው ይብሳል፤ ክሩ ተቃጥሎ ሲበንን ደግሞ ጭራሽ አይጣል ነው።

«ጋሼ፣ አጭሯን ግላስፓክ እንውሰዳት» አልኳቸው።

«ጩኸቷን ትችለዋለህ?»

«ድምፅማ ይኑራት እንጂ! ጉልበትም ትጨምራለች ይላሉ።»

አጎቴ ሳቁ። «ይላሉ ነው እንጂ! አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከሞተሩ ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚበላው ከፍታው ነው። ይቺ ቆርቆሮ አትመልስልህም። ለማንኛውም ክረምቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ አግዘኸኛልና ምርጫው ያንተ ይሁን።»

መረጥኩ። በያጁ ጋር ቆሜ አስበየድኩ። የመጀመሪያው ቀን ቮልሷ በዋናው መንገድ ስታልፍ የሰፈር ጓደኞቼ እያፏጩ ተከተሉን። አልዋሻችሁም፤ ሞተሩን የሠራሁት እኔ የሆንኩ ያህል ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ የማስተማር ልምምድ መጣ። የተመደብኩበት ትምህርት ቤት የመንገድ ዳር ነው። ለአምስተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር፣ እኔ እያነበብኩ ተማሪዎች የሚጽፉትን ቃለ ጽሕፈት ሰጠሁ። መስኮቱ አጠገብ አንድ ዝምተኛ ልጅ ይቀመጣል። ቤቱ የሚነገረው ኦሮምኛ ስለሆነ እያንዳንዷን የአማርኛ ቃል ከአፌ ለመልቀም አንገቱን አስግጎ ነው የሚያዳምጠው። «አባቴ በሬ ሸጠ» ብዬ አነበብኩ። በዚያው ቅጽበት አንዲት መኪና እየተንደቀደቀች አለፈች። አልደገምኩትም፤ ወደሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ሄድኩ።

ደብተር ስሰበስብ ልጁ «አባቴ በር ሸጠ» ብሎ ጽፏል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁበት። ይባስ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጁን አላወጣም።

ማታ ደብተሮቹን እንደገና ሳይ፣ በመስኮት በኩል ከተቀመጡት ስድስት ልጆች አራቱ «በር» ብለዋል። ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ከተቀመጡት አንድም የተሳሳተ የለም። ያን ጊዜ ያለፈችው መኪና ትዝ አለችኝ። ያቺን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሐል እለያታለሁ። ራሴ መርጬ ያስበየድኳት ናት!

በሥነ ልቦና ክፍለ ጊዜ የተማርነው ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ ምሁር ከአንድ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ጥናት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በባቡር ሐዲድ አጠገብ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ በሐዲዱ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት የስድስተኛ ክፍል ልጆች በማንበብ ከወዲያኛው ወገን ልጆች አንድ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። በኋላ ከሐዲዱ ሥር ጎማ ተነጠፈ፤ የክፍሎቹም ጣሪያ ድምፅ በሚውጥ ነገር ተለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ጥናት ልዩነቱ ጠፍቶ ተገኘ። ልጆቹ ደካሞች አልነበሩም፤ አልሰሙም እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅትም ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት በክፍል ውስጥ ያለው የጀርባ ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ዴሲቤል በ10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናልና ቁጥሩን በቀላሉ የምናየው አይደለም።

ቅዳሜ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ሰምተው «እኔማ ውስጧ ሆኜ ነው የምሰማት፤ ከውጭ ምን እንደምትመስል በምን ዐውቃለሁ?» አሉና መፍቻ አቀበሉኝ። አጭሯን አውርደን ሆዱ የተከፋፈለውን ዓይነት ሰቀልን። አጎቴ ሞተሩን አስነሥተው የጭስ መውጫዎቹን በእርጥብ ጨርቅ አፍነው አዳመጡ። የትም «ስስ» የሚል ከሌለ መጋጠሚያው አልሾለከም ማለት ነው። በቮልስ ይኸ ዋዛ አይደለም። የመኪናዋ ማሞቂያ አየሩን የሚያገኘው ከጭስ ቱቦው ዙሪያ ስለሆነ፣ ከሾለከ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተሳፋሪው ዘንድ ይገባል።

እኔን የጨነቀኝ አኮ ነበሩ። ድምፅዋ ከተለወጠ ልጃቸው መምጣቱን በምን ያውቃሉ? ወደ ቤት ስንቃረብ ቡናው ሲወቀጥ ሰማሁ። በር ላይ ቆመው «ልጄ መጣ! ደግሞ ዛሬ መኪናይቱን ጉንፋኑ ለቀቃት» አሉ። ለካስ ቮልስ ለመታወቅ መጮህ አያስፈልጋትም ኖሯል።

ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ በተማሪዎቹ ፊት «ባለፈው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መኪና ሲያልፍ መድገም ነበረብኝ» አልኩ። የአራቱንም ደብተር ኤክስ ሰረዝኩ። መስኮቱን አስዘግቼ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና አነበብኩ። ያ ልጅ «በሬ» ብሎ ጻፈ። እጁን ግን ያወጣው በማግሥቱ ነው፤ የሰው ልብ እንደ ማርሚታ በአንድ ቀን አይጠገንም።

እንግዲህ እጩ መምህራን ጓደኞቼ፤ መኪና ያለን ብዙ አይደለንም፤ ድምፅ ግን ሁላችንም አለን። አሮጌ መኪና መውደድም፣ ድምፅዋ እንዲያምር መፈለግም ነውር አይደለም። የሚያምረው ለማን እንደሆነ መጠየቅ ግን የኛ ፈንታ ነው። በበኩሌ ኤክስ ከማድረጌ በፊት ልጁ የተቀመጠበት ቦታ ሄጄ ቆሜ፣ ከዚያ ምን እንደሚሰማ ማዳመጥ ጀምሬያለሁ። እናንተም ለልምምድ ስትወጡ ሞክሩት እላለሁ።