በሽታም እንደ መጽሐፍ ይገለበጣል

የቤተ ሰብን ጤና መጠበቅ የሐኪም ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤት ባለቤት ሁሉ ግዴታ ነው። ይኸንንም በገዛ ቤታችን ከደረሰው ነገር ስለ ተማርን፥ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

በ2013 ዓ.ም. በብቸና የሚኖሩት አጎታችን ሳልና ትኩሳት ያዛቸው። የልጃቸው ልጅ በሞጣ ክርስትና ሊነሣ አራት ቀን ቀርቶት ስለ ነበረ፥ «ብርድ ነው» ብለው ለመንገድ ተሰናዱ። ነርሷም ከአፍንጫቸው ናሙና ልትወስድ ብትለምናቸው፥ «ከአፍንጫዬ ምን ይነበባል?» ብለው እምቢ አሉ።

እርሳቸው ብራና ሲጽፉ ያረጁ ቁም ጸሐፊ ናቸውና በሙያቸው መለስንላቸው። «የኔታ፥ በሁለት ዳዊት ላይ በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ግድፈት ቢገኝ ምን ይፈርዳሉ?» አልናቸው።

«አንዱ ከሌላው፥ አለዚያም ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ተገልብጠዋል» አሉ።

ቫይረስም እንዲሁ መሆኑን አስረዳናቸው። የኮሮና ቫይረስ በአራት ዓይነት ፊደል ብቻ የተጻፈ፥ ርዝመቱ ወደ 30,000 ፊደል የሚደርስ ጽሑፍ አለው፤ በሰው አካል ውስጥ ራሱን ሲገለብጥ አንዳንዱን ፊደል ይስታል። ሊቃውንትም ግድፈቱን እያስተያዩ በሽታው ከየት ወደ የት እንደ ተሻገረ፥ የትኛውም ዝርያ አዲስ እንደ ሆነ ይለያሉ። የዚህ ቫይረስ ጽሑፍ ጥር 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ለዓለም ስለ ተገለጠ፥ መመርመሪያውና ክትባቱ ፈጥኖ ሊሠራ ቻለ።

አጎታችን ጥቂት ዝም ብለው፥ እናታቸው ይነግሯቸው የነበረውን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አነሡ። «ያን ጊዜ ሰው ምን እንደ ገደለው ሳያውቅ ሞተ» አሉ። እውነት ነው፤ የዚያ ቫይረስ ጽሑፍ በአላስካ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ከቆየ አስከሬንና በሐኪሞች ዘንድ ከተጠበቀ የሳንባ ቁራጭ ተለቅሞ በሙሉ የተነበበው ከ87 ዓመት በኋላ፥ በ1998 ዓ.ም. ነበር።

በዚህ ጊዜ ናሙናውን ሰጡ። በሦስተኛው ቀን በሽታው እንደ ተገኘባቸው ተነገራቸው፤ መንገዱም ቀረ። ሕፃኑ አያቱ በሌሉበት ክርስትና ተነሣ፤ እርሳቸውም ያን ቀን አለቀሱ። ዳሩ ግን ድነው፥ ከሁለት ወር በኋላ ሞጣ ሄደው ጤነኛውን ሕፃን ታቀፉት።

ሲመለሱም፥ «ግድፈቴ ተነበበ ወይ?» ብለው ጠየቁን። ከሚሰበሰበው ናሙና ሁሉ ጽሑፉ የሚነበበው ተመርጦ ጥቂቱ ብቻ መሆኑን ነገርናቸው። «እንግዲያስ ሁሉም ይስጥ፤ እውነተኛው ንባብ ብዙ መጽሐፍ ተመሳክሮ ነው የሚገኝ» አሉን።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ሳል የያዘው ሰው መመርመርን አይፈር፤ ሕመሙ ሳይታወቅም ሕፃን ወዳለበት ቤት አይግባ።