አንድ ዴስክ፣ ሦስት ልጅ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሐረር ጀጎል ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን ነበር የምንቀመጠው። በግራዬ ጊደር መጋላ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው ነጋዴ ልጅ፣ በቀኜ ደግሞ እናቱ ከኤረር በር ማዶ አትክልት በአህያ ጭና የምትመጣ ልጅ። የንባብ መጽሐፉ ለሦስታችን አንድ ስለሆነ፣ መሀል የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ ገጹን የምገልጠው። ዩኒፎርማችንን ከአንድ ጣቃ ቀዶ የሰፋልን መኪና ግርግር ላይ ሲንጀሩን እየረገጠ የሚውል አንድ ጋሽዬ ነው። እንደምናድግ ስለሚያውቅ የሱሪያችንን ጫፍ አጥፎ ይሰፋውና በዓመቱ ፈትቶ ያስረዝምልናል። ትርፍ ኪስ ግን ማንም ቢለምነው አይጨምርም።

ዛሬ የነጋዴው ልጅ ራሱ ነጋዴ ነው፤ ሱቁም እዚያው ጊደር መጋላ ነው። የልጅ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ይወስዳቸዋል። የጀጎል መተላለፊያ ስለማያስገባው ፈረስ መጋላ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የሚማሩት የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል፣ እሱም በየዓመቱ እያጉረመረመ ይከፍላል። ስለዚያ ዴስክ ሳነሳበት ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ያኔ አማራጭ ቢኖር አባቴ ከናንተ ጋር ያስቀምጠኝ ነበር?»

እውነቱን ነው። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወርሶ ስለነበር የሀብታምም የድሃም ልጅ መሄጃው አንድ ነበር። አብረን መቀመጣችንን የደግነት ውጤት አድርጎ የሚያወራ የዕድሜ እኩያ ሲገጥመኝ ዝም እላለሁ። በዚያ ላይ ዴስኩ ሦስት ልጅ እንደያዘ አልዘለቀም። በቀኜ የነበረው ልጅ ገበያ ላይ የእናቱን ሒሳብ በኦሮምኛ በቃሉ ያወራርዳል፤ መልስ ተሳስቶ ሲሰጥ አላየሁም። ክፍል ውስጥ ግን ያው ሒሳብ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ዝም ብሎ ያየዋል። መምህራችን ሰነፍ አሉት። አራተኛ ክፍል ሳይደርስ ቀረ፤ ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ማታ ማታ ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ነበር። ዘመቻው በ1971 ተጀምሮ በአምስት ቋንቋ ከተሰጠ በኋላ 15 ደርሷል፤ ሐረሪ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በጌይ ጋር (በሐረሪ ቤት) ተወልደው ያደጉ እናቶች ሻሻቸውን አስተካክለው ፊደል የሚቆጥሩት በአማርኛ ነበር። ቆጠሩም። ፊርማ ማኖር የለመዱ ብዙዎችን አውቃለሁ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአማርኛ ብቻ የሚማሩበትን አሠራር ገለበጠው። አሁን የአትክልት ሻጯ የልጅ ልጅ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ይጀምራል፤ የሐረሪው ልጅ በሐረሪ መማር ይችላል። በጓደኛዬ ላይ የደረሰው ዓይነት «ሰነፍ» መባል በዚህ መንገድ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚያጣጥለው ካለ እከራከረዋለሁ። ያው ፖሊሲ ለግል ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። ከፍ ያሉት ክፍሎች ግን በእንግሊዝኛ ናቸው። ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በእንግሊዝኛ ያፍታቱታል፤ የመንግሥቱ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ድንገት ይጋፈጠዋል። ያኔ ልጁን ክፍል ውስጥ ድዳ ያደረገው አማርኛ ነበር፣ አሁን እንግሊዝኛ ነው። ልዩነቱ፣ እንግሊዝኛው በገንዘብ ቀድሞ ይገዛል።

በመሀል ብዙ ነገር መጥቶ ሄዷል። በ1993 የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፣ ኋላም ቀረ። በ1997 ገደማ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ፤ በሳተላይት የሚያስተምረው ሰው ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አብሮ ይጠፋል፣ ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ያቋረጠበትን ቦታ ሲፈልግ ደወል ይደወላል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

በእኛ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚኒስትሪ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ የማትሪክ ፈተና ነበር። ወንፊቱ ጠባብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ስሙ በሠፈሩ ይነሳል፣ እናቱም ጊደር መጋላ ስትወርድ ሰላምታው ይበዛላታል። ያላለፈው ላይ ማንም ጣት አይቀስርም፣ ብዙኃኑ እሱ ነውና።

ከዚያ ኩረጃ ለዓመታት ወንፊቱን ቀዳደደው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ገደማ ስልካቸውን ትተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አገር ደነገጠ። እኔን የገረመኝ ድንጋጤው ነው። ፈተናው ታማኝ መሆኑ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ታማኝ ሚዛን ያልተዘራበትን እርሻ ምርት አያበዛም። በዚያው ሰሞን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የታተመ መጽሐፍ ለብዙው ተማሪ አልደረሰም፣ በስልክ በፒዲኤፍ ዞረ። ስማርት ስልክ ያለው ቤት አነበበ። ያኔ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ብንካፈልም ገጹ ባትሪ አልጨረሰም። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር ይፈተናል።

ባለፈው የነጋዴው ወዳጄ ቤት ሻይ ስጠጣ የልጅ ልጆቹን የሚያስጠና ወጣት መምህር ገባ። ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ከሰዓት ቤት ለቤት ያስጠናል። ጎበዝ ነው፤ ክፍልፋይን በብርቱካን ሲያስረዳ እኔም ገባኝ።

«የራስህን ልጅ የት ነው የምታስተምረው?» አልኩት።

«የግል ነዋ፣ ጋሼ!» አለኝ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሞታል።

«በዚህ ደመወዝ?»

«በደመወዝማ አይሆንም» አለና በጣቱ ጠረጴዛውን አሳየኝ፤ «በዚህኛው ነው የምከፍለው።»