ሳይጠሩት አቤት የሚለው ኮምፒውተር

አንባቢ ሆይ! አባቶቻችን ያልታዘዘውን ሥራ ለመሥራት የሚቸኩል ሰው ሲያዩ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይሉ ነበር። ዛሬ በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ቢያዩት ኖሮ፣ ተረታቸው የተፈጸመበትን ፍጡር አገኘን ባሉ ነበር። እርስዎ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ወይም ነገ ለአለቃዎ የሚያቀርቡትን ሪፖርት ሊጽፉ ተቀምጠው ሳለ፣ እርሱ ያላዘዙትን ማሻሻያ፣ ማለት በተለምዶ አፕዴት የምንለውን፣ በእርስዎ ኢንተርኔት ያወርዳል፤ አውርዶም ሲጨርስ «ጠፍቼ ልነሣ» ይላል።

ነገሩ ቢያስቅም ኪሳችንን ለምናውቅ ለእኛ ለተማሪዎችና ለደመወዝተኞች ሳቁ ረጅም አይደለም። ከስልካችን ሆትስፖት ከፍተን የምንጠቀምበትን የኢንተርኔት ጥቅል የምንቆጥበው እንደ ወር ቀለብ ነው። ኮምፒውተሩ ግን እንደማይደርቅ ወንዝ ይቀዳዋል። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች ወደ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄደው «ይህን አፕዴት ጨርሰህ ዝጋልኝ» ይላሉ። እርሱም ፎርማት ሲያደርግላቸው አብሮ ይዘጋላቸዋል፤ እነርሱም ዕረፍት አገኘን ብለው ደስ እያላቸው ይመለሳሉ። እኔ ዛሬ ላስረዳዎት የምፈልገው የዚህን ዕረፍት ዋጋ ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰው የጻፈው ስለ ሆነ፣ እንደ ማናቸውም የሰው ሥራ ቀዳዳ አይታጣበትም። ማሻሻያ የሚባለውም በአብዛኛው ሌባ እንዳይገባበት ያንን ቀዳዳ የሚደፍን ጭቃ ነው። ማይክሮሶፍት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን መድፈኛ በፈረንጆች ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ያወጣል። ነገር ግን መድፈኛው በወጣ ቀን፣ ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ለሌባውም ይገለጥለታል። ስለዚህ ሳይደፍን የቀረ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ አደጋው ከቀድሞው ይብስበታል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በ2009 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት መጋቢት 5 ቀን ማይክሮሶፍት ለአንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ እየገባ፣ የሰውን ፋይል እየቆለፈና «በቢትኮይን ካልከፈላችሁኝ አልከፍትም» እያለ፣ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የበሽተኞቻቸውን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ከተጠቁት የሚበዙት ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ፤ ለዊንዶውስ 7 ግን መድፈኛው አስቀድሞ ወጥቶለት ነበር።

እኔ አስተማሪ እንደ መሆኔ መጠን የተማሪዎቼን ውጤት የምይዘው በቤቴ ኮምፒውተር ነው። ያ ፋይል ቢቆለፍ ጉዳቱ ከእኔ አልፎ ሰርተፊኬታቸውን ለሚጠብቁት ልጆች ይተርፋል። እርስዎም የመሥሪያ ቤትዎን ደብዳቤ በፍላሽ ይዘው ወደ ቤት የሚገቡ ከሆነ፣ የቤትዎ ቀዳዳ የመሥሪያ ቤትዎም ቀዳዳ መሆኑን አይርሱ።

«ማሻሻያው ራሱ ያበላሽ የለም ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ አዎን፣ አንዳንድ ጊዜ ያበላሻል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው ትልቁ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ሰዎችን ሰነዶች ስላጠፋ፣ ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሟል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን ከሥራ አውጥቶ በብዙ አገር በረራ አስተጓጉሏል። እንግዲህ ጥበቡ ማሻሻያውን ጊዜ ወስኖ መቀበል ነው።

እንዴት ቢሉ፣ በመጀመሪያ ሴቲንግ ከፍተው የስልክዎን ሆትስፖት «ሚተርድ ኮኔክሽን» ብለው ያስመዝግቡት፤ ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ዐውቆ አብዛኛውን ማሻሻያ ሳያወርድ ይቆያል። ሁለተኛ፣ «አክቲቭ አወርስ» በሚለው ቦታ የሥራ ሰዓትዎን ይንገሩት፤ በዚያ ሰዓት በገዛ ፈቃዱ ጠፍቶ አይነሣም። ሦስተኛ፣ ፈተና ወይም የበጀት መዝጊያ ሲደርስ «ፖዝ» የሚለውን ይጫኑ፤ እስከ አምስት ሳምንት ይታገሥዎታል። ከዚያ በኋላ ግን የተጠራቀመውን ሳይቀበሉ እንደገና ማስቆም አይችሉም፤ ይህም ለእርስዎ ይበጃል።

አራተኛውና ዋናው፣ ለዚህ ሥራ ቋሚ ቀን ይወስኑ። እኔ የወር ደመወዝ በተቀበልኩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ አደርገዋለሁ። አስቀድሜ ዋና ዋና ፋይሎቼን በሌላ ፍላሽ እገለብጣለሁ፤ መብራት መካከል ላይ ቢጠፋ እንዳይቋረጥ የላፕቶፑን ባትሪ እስኪሞላ ቻርጅ አደርጋለሁ፤ ከዚያም ፈቅጄለት ወደ እራቴ እሄዳለሁ። ዊንዶውስ 10 ያለዎት ከሆነ ደግሞ መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ዐውቀው፣ ኮምፒውተርዎ የሚችል እንደ ሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 ያሳድጉት።

አሽከሩ ሳይጠሩት አቤት አለ ተብሎ ከቤት አይባረርም፤ የሥራ ሰዓቱ ይነገረዋል እንጂ። ማሻሻያውን ያዘጉ ወዳጆቼ ሆይ፣ ይህ የመጽሔት ገጽ ከእጃችሁ ሳይወጣ ሂዱና አስከፍቱት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።