ከመስኮቱ በላይ የሆነ ክንፍ

የፎገራን ሜዳ ከሰማይ ለማየት ለሚሻ ሰው ከጄቱ ይልቅ ባለ ፕሮፔለሩን አውሮፕላን እመርጥለታለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2002 ዓ.ም. መረከብ የጀመረው ኪው 400 ድምፁ ይበረታል፤ ሆኖም ወንበሩ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ስለሆነ መሐል የሚጨናነቅ ተሳፋሪ የለም። ከአዲስ አበባ ጎንደር ባለው አጭር መንገድ ጄት ከፍታውን ሳያጣጥም መውረድ ይጀምራል፤ ይህኛው በጥቂት ነዳጅ ያደርሳል። ድካሙ የአብራሪዎቹ ነው፤ በረራው ባጠረ ቁጥር መነሣትና ማረፍ በአንድ ቀን ይደጋገምባቸዋል። ምርጫዬን ያጸናው ግን ክንፉ ነው፤ ከመስኮቱ በላይ ስለተዘረጋ ምድሪቱን አይጋርድም። ርብና ጉማራ ሜዳውን ባጥለቀለቁበት ክረምት፣ ደመናው ገለጥ ሲል፣ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ግንባሩን ከመስታወቱ አስደግፎ የአባቱን የሩዝ ማሳ በዓይኑ ይፈልጋል። ተርፎ ይሆን? ለእርሱ ምቾት ማለት ይህን ማየት ነው።