ትንሿ መቅረብን፣ ትልቋ መቆየትን

ዓይን አፋር ነኝ። ይህን ሳልናገር ስለ ካሜራ ብጽፍ ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። የማላውቀውን ሰው ፊት ለፊት ማየት ይከብደኛል፤ «ፎቶ ላንሳዎት?» ለማለት ስነሳ ምላሴ ይተሳሰራል። ደግሞም ከሁሉ አብልጬ ማንሳት የምወደው የሰው ፊት ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰው ውስጥ ታርቀው መኖር እንደሚችሉ ያስተማሩኝ የምዕራብ ጎንደር ቆላና ሁለት ካሜራዎች ናቸው። አንዷ ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ ሌላዋ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች።

ከአዘዞ ተነስቶ አይከልንና ነጋዴ ባሕርን አልፎ ወደ ገንዳ ውኃ የወረደ ሰው ደጋው የት እንዳበቃ ቆዳው ይነግረዋል። ኮኪት ካለፈ በኋላ መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሱዳኗ ገላባት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመተማ ነው፤ መተማ ዮሐንስም በስማቸው ትጠራለች። በጥቅምት ሰሊጡ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደምቢያና ከበለሳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ቆላውን ይሞላዋል። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ በሂላ ይቆማል። ሲደርቅ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ከዚያ ሠራተኛው ሒሳቡን ይዞ ወደ አገሩ ይበተናል። ይህን ሕይወት በፎቶ መያዝ የፈለገ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ፣ «የቱ ካሜራ ይሻላል?» ከሚለው ይልቅ «ከሰዉ ምን ያህል ልራቅ?» የሚለው ነው። እኔ ግን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የደረስኩት በመጀመሪያው በኩል ነው።

ትንሿ ካሜራዬ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣችው ሶኒ አርኤክስ 100 ናት። ከነባትሪዋ 240 ግራም ትመዝናለች፤ 20.2 ሜጋፒክስል አላት። ሌላዋ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣች ካኖን ኤም 50፣ ለጀማሪ የተሠራች ሚረርለስ ናት፤ 24.1 ሜጋፒክስል አላት። ሚረርለስ የሚባለው የድሮው ትልቅ ካሜራ ሆድ ውስጥ የነበረው መስታወት ወጥቶለት ሌንሱ ግን የሚቀያየር ካሜራ ነው። ይህ ዓይነት ካሜራ በፓናሶኒክ ጂ1 ገበያ ላይ የታየው በ2008 እ.ኤ.አ. ነበር። በሜጋፒክስል ከሄድን በሁለቱ መካከል የሚያጣላ ነገር የለም። ልዩነቱ ያለው ብርሃኑ በሚያርፍበት ሴንሰር ስፋት ላይ ነው።

የሶኒዋ ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር፣ የካኖኗ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት ሦስት እጥፍ ገደማ ይበላለጣሉ፤ ሰፊ ጣሪያ ብዙ ዝናብ እንደሚሰበስብ ሁሉ ሰፊ ሴንሰርም ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ታዲያ ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ዘግቶ «ትልቋ ትሻላለች» ይላል። ነገር ግን ሌንሱም መቆጠር አለበት። የትንሿ ሌንስ በሰፊ እይታ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከካኖኗ ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው ከ15 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ ከኤፍ 3.5 በላይ አይከፈትም። በዚህ ልዩነት የትንሿ ሌንስ በእያንዳንዱ የሴንሰር ነጥብ ላይ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያሳርፋል። ስለዚህ በሰፊ እይታ ሲነሳ የአንዷ ብልጫ የሌላዋን ያጠፋዋል። ዙም ሲደረግ የትንሿ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 4.9 ይጠባል። ለካኖኗ 22 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስ የተገዛላት ቀን ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ያኔ ጨለማ ውስጥ ትንሿ አትደርስባትም። «ኪስ ካሜራ» የሚባለው ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ልጨምር። በርካሾቹ ላይ ያለው ሴንሰር የሶኒዋን ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብዙ አይረዳም።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው። ቆላው የራሱ ሚዛን አለው። ሁለቱም ካሜራዎች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ነው የተሠሩት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ቀትር ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱንም በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ማኖር ግድ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም የትንሿ ስክሪን የሚያሳየው የራሴን ጥላ ብቻ ነው፤ ዓይን የሚጣልበት ቪውፋይንደር የላትም። ካኖኗ አላት፤ ዓይኔን አስጠግቼ ፍሬሙን በደንብ አየዋለሁ። የዋልካው አቧራ ለሁለቱም ጠላት ነው። ካኖኗን ሌንሷን ፈትቼ ሴንሰሯን በእጅ መንፊያ እነፋላታለሁ። የትንሿ ሌንስ ወጣ ገባ ሲል አቧራ ስቦ ካስገባ ግን ካልተፈታች አይወጣም።

ስለ ባትሪ ከተነሳ ትንሿ ታሸንፋለች። በፋብሪካው ልኬት ሶኒዋ በአንድ ሙሊት 330 ፎቶ፣ ካኖኗ 235 ታነሳለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሶኒዋ በስልክ ገመድ መሞላቷ ነው። መብራት በሌለበት የእርሻ ካምፕ፣ ሠራተኛው ስልኩን በሚሞላባት የፀሐይ ሰሌዳ እኔም ካሜራዬን እሞላለሁ። የካኖኗ ባትሪ የራሱን ቻርጀርና የግድግዳ ሶኬት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ትንሿ ካሜራ ጥሩ የምትሆነው በሰፊ እይታ መሆኑን ከላይ ብያለሁ። ይህ ማለት ፊት እንዲሞላ ከተፈለገ ክንድ ያህል ተቀርቦ መነሳት አለበት ማለት ነው። ለዓይን አፋር ሰው ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው። ሰሊጥ ሲራገፍ ላነሳ ሄጄ ራቅ ብዬ እንደ ልማዴ ቆምኩ። ነዶውን ዘቅዝቆ በዱላ መታ መታ የሚያደርገው ጎልማሳ ቀና ብሎ አየኝና «ወንድሜ፣ ከመጣህ አይቀር ይቺን ጫፍ ያዝልኝ» አለኝ። ካሜራዋን ኪሴ ከትቼ የሸራውን ጫፍ ያዝኩ። ዱላው ባረፈ ቁጥር ፍሬው እንደ ዝናብ ሸራውን ይመታል፤ የዘለለው ጫማዬ ውስጥ ይገባል። ስለ ልጆቹ አወራኝ፤ እኔም ስለ ቤቴ ነገርኩት። ነዶው ሲያልቅ «በል እንግዲህ አንሳኝ» ያለኝ እሱ ነው። ምላሴ አልተሳሰረም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ኪስ የምትገባ ካሜራ እጅን ነጻ ታደርጋለች፤ እጁ ነጻ የሆነ ሰው ደግሞ ሥራ ያግዛል፤ ሥራ ያገዘ ሰው እንግዳ መሆኑ ይቀራል። በየትኛውም የካሜራ መግለጫ ላይ ይህ ጥቅም ተጽፎ አላየሁም።

ትልቋ ያስተማረችኝ ሌላ ነው። ኮኪት ውስጥ ማታ ማታ ቡና የሚያፈሉ እናት ነበሩ፤ ብርሃኑ ከአንድ አምፖልና ከከሰሉ ፍም ብቻ። በትንሿ ፍላሽ ሳነሳቸው ፊታቸው ነጥቶ ቤቱ ይጠፋል። 22 ሚሊ ሜትሩን ካኖኗ ላይ ስገጥም ፍላሽ ቀረ። ሌንሱ ዙም የለውም፤ ስለዚህ ወዲያ ወዲህ ከማለት አንድ ቦታ ተቀምጦ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እስኪያርፍ መጠበቅ ነበረብኝ። «ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ በአቦሉ። «ምንም እማማ፣ ቡናውን ነው» አልኳቸው። በቶናው ላይ ስለ ካሜራዋ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው፤ በእሷም አዩኝ። በበረካው ላይ ካሜራዋን ረስተዋት ነበር። ፍሙን እፍ ሲሉ ጉንጫቸው በራ፤ ያኔ ነው ያነሳኋቸው። ሲኒውን ሳልጨርስ መሄድ የማያስችል ካሜራ ለዓይን አፋር ሰው ስጦታ ነው፤ ምክንያቱም ዓይን አፋርነት ሁልጊዜ ቶሎ ጨርሶ መውጣት ይፈልጋል።

በትንሽ ካሜራ ላይ ግን አንድ ፈተና አለ፤ ሳይታዩ ማንሳት ይቻላል። የሹተሯ ድምፅ አይሰማም፤ መዳፍ ውስጥ ትሰወራለች። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ሰዉ በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲሻገር፣ ይህ ነገር ሕሊናዬ ላይ ከበደ። ሻንጣዋ ላይ የተቀመጠች እናት፣ ጫማ የሌለው ልጅ፣ አሻግረው የሚያዩ ሽማግሌ። እነዚህን ፊቶች ማንም ሳያውቅ መውሰድ በቻልኩ ነበር። ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው የቀረው ንብረት ፊቱ ነው፤ እሱንም ሳይጠየቅ ሊወሰድበት አይገባም። ካሜራዋን ከኪሴ አውጥቼ በግልጽ እይዛታለሁ፤ እጠይቃለሁ፤ እጁን የሚያወዛውዝ ካለ መልሼ እከታታለሁ። መጠየቅ አሁንም ይከብደኛል። እንዲከብደኝም እፈልጋለሁ፤ የሚከብደኝ የሌላውን ሰው ክብር ስለምመዝን ነው።

ሸራውን ያስያዘኝ ጎልማሳ ያነሳሁትን ስክሪኑ ላይ ካየ በኋላ «ታወጣልኛለህ? ለናቴ ነው» ብሎኝ ነበር። ገንዳ ውኃ ፎቶ ቤት በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳጥቤ ወሰድኩለት። ይህን ያህል ወረቀት ጥርት ብሎ እንዲታተም ከ2 ሜጋፒክስል ትንሽ የሚበልጥ ይበቃዋል። ሁለቱም ካሜራዎች የዚህን አሥር እጥፍ ገደማ ይዘዋል። በዚህ ወረቀት ላይ የትንሿንና የትልቋን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያሳዩኝ የቀትሩን ከቀትር አልለይም። የምለየው የምሽቱን ነው።

እንግዲህ የካሜራ ምርጫ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምመልሰው ይህ ነው። ቀን በቀን ከሰው ጋር የምትውል፣ ከእርሻ ወደ ገበያ የምትሄድ፣ መብራት የማታገኝ ከሆነ እንደ ሶኒዋ ሰፋ ያለ ሴንሰር ያላትን ኪስ ካሜራ ያዝ። ምሽትን፣ የቤት ውስጥ ብርሃንንና ሠርግን የምታነሳ ከሆነ፣ ወይም ፎቶህ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ከፈለግህ ሚረርለሷን ግዛ። ነገር ግን አብሯት በሚሸጠው ሌንስ ብቻ አትቅር፤ ለአንድ ኤፍ 2 ሌንስ የሚሆን ገንዘብ ሳትይዝ አትግዛት፤ ያለ እሱ ለትልቅነቷ የከፈልከው ብዙው ከንቱ ነው። የትኛዋንም ብትይዝ ከገንዘቡ ላይ ለፎቶ ማሳጠቢያ ቀንስ። ሠራተኛው አጨዳው ሲያልቅ ይሄዳልና፣ ያነሳኸውን ከመሄዱ በፊት በእጁ አስይዘው።